ከባሕር ሲያኖባክቴሪያ የሚገኙ ፀረ ተሕዋስያንና ሕዋስ ገዳይ ውህዶች

ሲያኖባክቴሪያ በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ምግባቸውን የሚያዘጋጁ፣ በባሕር፣ በሐይቅና በእርጥብ አፈር የሚገኙ ባክቴሪያዎች ናቸው። በልማድ «ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ» ቢባሉም ከአልጌ ወገን አይመደቡም። በሞቃታማ ባሕሮች ዐለትና ኮራል ላይ እንደ ፀጉር ተጠላልፈው የሚያድጉት ዝርያዎች ልዩ ልዩ ኬሚካላዊ ውህዶችን ያመነጫሉ። በእነዚህም ከሚመገቧቸው እንስሳት ራሳቸውን እንደሚከላከሉ ይታመናል። ከውህዶቹ መካከል ባክቴሪያን የሚያጠፉም፣ የካንሰር ሕዋስን የሚገድሉም ይገኛሉ።

ሕዋስ ገዳይ ውህዶች

በዘርፉ በስፋት የሚጠቀሰው ዶላስታቲን 10 ነው። በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የነበሩት ጆርጅ ፔቲትና ባልደረቦቻቸው ውህዱን በሕንድ ውቅያኖስ ከሚኖር የባሕር ቀንድ አውጣ በመለየት መዋቅሩን እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይኸው ውህድ በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው ፓላው ከተሰበሰበ ሲያኖባክቴሪያ በቀጥታ ተገኘ። በዚህም ቀንድ አውጣው ውህዱን የሚያገኘው ከሚመገበው ሲያኖባክቴሪያ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞችን ወደ ሁለት ወገን የሚስቡ ቀጫጭን ክሮች ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ይሠራሉ። ዶላስታቲን 10 ቱቡሊንን በመያዝ ክሮቹ እንዳይሠሩ ያግዳል፤ መከፈል ያልቻለው ሕዋስም ይሞታል።

ይሁን እንጂ ውህዱ ጤናማውን ሕዋስ ከታመመው አይለይም። በመሆኑም በሕሙማን ላይ ሲሞከር ሰውነት ሊቋቋመው በሚችለው መጠን የተጠበቀውን ፈውስ አላስገኘም። መፍትሔ የተገኘው በዶላስታቲን አምሳል በላቦራቶሪ የተሠራን ውህድ የካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር በማጣመር ነው። በዚህ መንገድ የተዘጋጀው ብሬንቱክሲማብ ቬዶቲን፣ ሆጅኪን ሊምፎማን ጨምሮ ለተወሰኑ የሊምፎማ ዓይነቶች ሕክምና እንዲውል እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ተፈቀደ። የዶላስታቲን 10 መዋቅር ከታወቀ 24 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ይህም መድኃኒት ቢሆን የነርቭ ጉዳትና የነጭ የደም ሕዋስ መቀነስ ሊያስከትል ስለሚችል በሐኪም ክትትል ብቻ ይሰጣል።

ፀረ ተሕዋስያን ውህዶች

ሊንግቢያ ማጁስኩላ ከተባለው የሃዋይ ሲያኖባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1979 የተለየው ማሊንጎላይድ፣ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለውን ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስን ጨምሮ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን በላቦራቶሪ መግታት ችሏል። ሆኖም ለሕሙማን የሚታዘዝ መድኃኒት አልሆነም። በአንጻሩ ይኸው ዝርያ በሚያመነጫቸው መርዞች ምክንያት በሃዋይ የባሕር ዳርቻዎች የሚዋኙ ሰዎች ቆዳ ሲቆጣና ሲቆስል ታይቷል። በአንድ ዝርያ ውስጥ ጠቃሚውና ጎጂው አብረው እንደሚገኙ ይህ ያስረዳል።

ኅብረተሰቡ ሊገነዘባቸው የሚገቡ ነጥቦች

1. አንድ ውህድ በላቦራቶሪ የካንሰር ሕዋስን ወይም ባክቴሪያን ገደለ ማለት በሽተኛን ያድናል ማለት አይደለም። መድኃኒት ለመሆን ደኅንነቱ፣ መጠኑና ፈዋሽነቱ በሰዎች ላይ በደረጃ ተፈትኖ መረጋገጥ አለበት።

2. በምግብነት የሚታወቀው ስፒሩሊና የሲያኖባክቴሪያ ወገን ሲሆን በአገራችንም እንደ ጭቱ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይበቅላል። ከላይ ከተጠቀሱት የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ግን አንድ ስላልሆነ እንደ ካንሰር ሕክምና ሊወሰድ አይገባም።

3. በሐይቅና በግድብ ውኃ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ሠርተው ከሚታዩት ሲያኖባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ ውኃውን በማፍላት ስለማይወገድ እንዲህ ያለውን ውኃ ከመጠጣት፣ ከብትም ከማጠጣት መቆጠብ ያስፈልጋል።

4. የካንሰር ሕክምና በመከታተል ላይ ያሉ ተገልጋዮች «ከባሕር የተገኘ» በሚል የሚሸጡ ዱቄቶችንና እንክብሎችን ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ወይም የፋርማሲ ባለሙያን ሊያማክሩ ይገባል። በእነዚህ ምርቶች ተስፋ የተጀመረን ሕክምና ማቋረጥ ሊድን የሚችልን በሽታ ወደማይድንበት ደረጃ ሊያደርስ ይችላል።