የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና የጎንደር ሠዓልያን

የጎንደርን ግቢ የሚጎበኝ ሰው በዐፄ ፋሲል ግንብ ዘንድ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ወደ ጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ሲደርስ ግን ውስጡን አየት አድርጎ ያልፋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቤቱ ባዶ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ታድሶ በኖራ ስለ ተለሰነም እንደ ጎረቤቶቹ የጥንት ድንጋዩን እንኳ አያሳይም። ተማሪዎቹን አሰልፎ የሚያመጣ መምህር «መጻሕፍቱ የት አሉ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይህ ጥያቄ ከግንቦቹ ቁመትና ስፋት ይልቅ ስለ ጎንደር ብዙ የሚያስተምር ነው።

ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. ነገሡ። ከተማይቱን አባታቸው ዐፄ ፋሲል ከቈረቈሯት ገና ግማሽ ምዕት ዓመት አልሞላም ነበር። ቤተ መጻሕፍት ሲባል የዛሬ ተማሪ መደርደሪያና ረጅም ጠረጴዛ ይታየዋል። በዚያ ዘመን ግን መጽሐፍ በማኅደሩ ገብቶ፥ በማንገቻው ከግድግዳ ኩላብ ላይ የሚሰቀል ነበረ። የከተማይቱም መጻሕፍት በአንድ ቤት ብቻ የተከማቹ አልነበሩም፤ በየአድባራቱ ዕቃ ቤትም ይጠበቁ ነበር። ስለዚህ የጎንደር ቤተ መጻሕፍት ከግቢው ግንብ የሰፋ ነው።

መጽሐፉ የሚጀምረው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው። ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ፥ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ፥ ሥጋውና ጠጕሩ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ስለሚያስፈልግ፥ መጽሐፍ ማስጻፍ መንጋ ላለው ወይም መንጋ ለሚያስገብር ሰው የሚሆን ሥራ ነበር። ቁም ጸሐፊው ብርዑን ከመቃ ቀርጾ፥ ዋናውን ቃል በጥቁር፥ የቅዱሳንን ስምና አርእስቱን በቀይ ቀለም ይጽፋል። በጎንደር ዘመን የተለመደው ጉልሕ የሚባለው ሰፊና ክብ ያለ ፊደል፥ ቆዳው የማያሳሳው ባለጸጋ የሚያስጽፈው ፊደል ነው። ጸሐፊው ሥዕል የሚገባበትን ቦታ ባዶ ትቶ ያልፋል፤ ሠዓሊው ኋላ ይሞላዋል። ሳይሞላ የቀረ ገጽ ያለባቸው መጻሕፍት ዛሬም አሉ፤ ምናልባት ወጪው አልቆ፥ ምናልባትም ሠዓሊው ሞቶ ይሆናል።

ሠዓልያኑ ምን እየተመለከቱ ይሠሩ እንደ ነበር የሚያሳይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1591 በሮማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ የታተመ ወንጌል፥ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው ሥዕሎች ነበሩበት። መጽሐፉ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ካስወጡ በኋላም ሥዕሎቹ አልተባረሩም። በ1657 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ አንድ የግእዝ ወንጌል የሮማውን ሥዕሎች ተከትሎ ተሥሏል። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ግን ገልባጭ ብቻ አልነበረም፤ የሰዎቹን አቋቋም ወስዶ ጥላውንና ርቀቱን ጣለ፥ መልኩን በጥቁር መስመር ከበበ፥ ቀለሙንም ደማቅና ጠፍጣፋ አድርጎ ቀባ። በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ ይህ ተለወጠ። ፊቱ በጥላ እየተሞላ፥ ልብሱ በአበባና በሐረግ እያጌጠ ሄደ፤ በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

እንግዲህ መጻሕፍቱ የት ሄዱ? ጥቂቶቹን በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይዟቸው ሄደ፤ በመካከላቸው ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ትልቁ መራቆት የመጣው ግን ከውጭ ሰው አይደለም፤ ይህንም ለተማሪ መሸሸግ አይገባም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ የአድባራቱንም መጻሕፍት ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ወሰዱ። ሐሳባቸው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ነበረ፤ ነገር ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ስብስቡ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባ። ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጡ፤ አሁን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሽ ገብቶ የተረፉትን አድባራት አቃጠለ።

የግድግዳ ሥዕሎቹም ቢሆኑ ሁሉ በቦታቸው አልቀሩም። በ1924 ዓ.ም. በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ ወሰደ፤ በምትካቸውም ከቡድኑ ጋር የመጣው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ አዲስ ሥሎ ለጠፈ። የጥንቶቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ናቸው።

ከባዶው ቤት የወጣ የተማሪዎች ጉባኤ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቢሄድ፥ ከድርቡሽ እሳት በተረፈው ቤተ ክርስቲያን ከመቶ የሚበልጡ ባለክንፍ ፊቶች ከጣሪያው ሆነው ሲመለከቱት ያገኛል። ቀና ብሎ በእያንዳንዱ ፊት ዙሪያ የተሰመረውን ጥቁር መስመር ሊከተል ይችላል።