የሽጉጥ አፎት በምዕራብ አሜሪካ፤ ከኮርቻ ሠሪው ወንበር እስከ ሲኒማ

በዚህ ጥናት የምንመለከተው በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ምዕራባዊ አገር ኮርቻ ሠሪዎች ከቆዳ በእጃቸው ይሰፉት የነበረውን የሽጉጥ ማኖሪያ ነው። ለዚህም ዕቃ፤ ለጎራዴና ለጩቤ የሚነገረውን «አፎት» የሚለውን ቃል እንወስዳለን። ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ሥዕል አለ። ቀበቶው ወደ ዳሌ ያዘነበለ፤ አፎቱ እስከ ጭን ወርዶ በጠፍር የታሰረ፤ ባለቤቱም ከጠላቱ ቀድሞ ለመምዘዝ ጣቶቹን የዘረጋ። እኛም ሥራችንን ስንጀምር ከዚህ ሥዕል የራቀ ነገር አልጠበቅንም ነበር። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ተርፈው በየሙዚየሙ የተቀመጡት አፎቶች የሚመሰክሩት ሌላ ነው። አብዛኛዎቹ ጥልቅ ናቸው፤ ሽጉጡ እስከ እጀታው ድረስ ይሰጥምባቸዋል፤ ይታጠቋቸው የነበረውም ወገብ ላይ ከፍ አድርገው ነው። ሪቻርድ ራተንበሪ በ1993 ዓ.ም. ስለዚሁ የቆዳ ሥራ ሰፊ መጽሐፍ ስላሳተመ ነገሩን መመርመር ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ተከፍቷል። የእኛ ክርክር ይህ ነው፤ ሠሪው ቆዳውን ሲቆርጥ አስቀድሞ ያሰበው ሽጉጡ እንዳይወድቅና እንዳይበላሽ ነው፤ የመምዘዝ ፍጥነት ዋና ሐሳብ የሆነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ጊዜ ከባዱን ሽጉጥ የሚሸከመው ፈረሱ ነበር። በ1847 ዓ.ም. የተሠራው ዎከር የተባለው የኮልት ሽጉጥ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ስለሚበልጥ በወገብ የሚታጠቁት ዕቃ አልነበረም፤ ከኮርቻው ፊት ግራና ቀኝ በተንጠለጠሉ ሁለት አፎቶች ይቀመጥ ነበር። በ1848 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ወርቅ ሲገኝና ከየአገሩ ሕዝብ ሲጎርፍ፤ ከፈረሱ ወርዶ በእግሩ የሚቆፍረው ሰው መሣሪያውን ከሰውነቱ ጋር ማኖር አስፈለገው። የ1851 ዓ.ም. ኮልት ደግሞ አንድ ኪሎ ከሩብ እንኳ አይሞላም። ከዚህም የተነሣ የካሊፎርኒያ ኮርቻ ሠሪዎች የሽጉጡን መልክ የሚከተል ቀጭን አፎት አወጡ፤ ብዙውንም ጊዜ በአበባና በሐረግ ቅርጽ ያስጌጡት ነበር። በዚያው ዘመን የጦር ሠራዊቱ አፎት ክዳን ያለው ስለ ነበር ዝናብና አቧራ ይከላከላል፤ ለማውጣት ግን አስቀድሞ ክዳኑን መፍታት ግድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታይ የሚገባው ከ1870ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋውና «ሜክሲካን ሉፕ» የሚባለው ዓይነት ነው። በ1873 ዓ.ም. ኮልት ባለ ቀለህ ጥይት የሚጎርስ አዲስ ሽጉጥ አወጣ። ጥይቱ ባለ ቀለህ ሲሆን ሰው ሁሉ ጥይቱን በዝናር መሸከም ጀመረ፤ ዝናሩም ሰፊ ስለሆነ በአሮጌው አፎት ጀርባ በተሰፋችው ጠባብ ማንገቻ አላልፍ አለ። መፍትሔው እጅግ ቀላል ነበር። ሠሪው አንድ ሰፊ ቆዳ ይቆርጣል፤ ግማሹን አጥፎ ሰፍቶ ከረጢት ያደርገዋል፤ የቀረውን ግማሽ ወደ ኋላ ያጥፈዋል፤ በዚህ በታጠፈው ጀርባ ላይ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ስንጥቅ አውጥቶ ከረጢቱን በስንጥቆቹ ውስጥ ያሾልከዋል። ዝናሩ በእጥፉ ውስጥ ያልፋል። የሚበጠስ ማንገቻ የለም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ያልተቆረጠው ቆዳ ራሱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ያሰበው ሰው የቆዳን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

አሁን ወደ ሠሪው ወንበር እንቅረብ። ቆዳው የከብት ነው፤ በዛፍ ልጥ ውሃ ለወራት ተነክሮ የለፋ፤ ውፍረቱም ከሦስት እስከ አራት ሚሊሜትር ያህል። የሆድ ቆዳ ስለሚለጠጥ ጥሩ ሠሪ የጀርባውን ይመርጣል። የ1873ቱ ኮልት በርሜል 12፣ 14 ወይም 19 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ ለእያንዳንዱ የተለየ መቁረጫ ልክ ያስፈልጋል። ቆዳው በውሃ ይርሳል፤ ጥቂት ጠፈፍ ሲል ጌጡ ይቀረጽበታል። ከዚያ በኋላ በሚሰፋው ጠርዝ መካከል አንድ ቀጭን የቆዳ ዘለበት ይገባል። ይህ ዘለበት ሲያዩት ከንቱ ይመስላል፤ ነገር ግን የሽጉጡ ማነጣጠሪያ ክሩን እንዳይቆርጠው የሚከላከለው እርሱ ነው።

ስፌቱ በሰም በታሸ የተልባ እግር ክር ነው። በወስፌ ይበሳል፤ በአንዱ ክር ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ ይገባል፤ ሁለቱም መርፌዎች በአንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። ስለዚህ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። በመኪና በተሰፋው ላይ ግን ሁለቱ ክሮች የሚቆላለፉት በቆዳው መካከል ስለሆነ አንዱ ሲበጠስ ስፌቱ ሊተረተር ይችላል። ስፌቱ ካለቀ በኋላ አፎቱ እንደገና ይርሳል፤ ዘይት የተቀባ ሽጉጥ ገብቶበት በጣትና በአጥንት እየተጫነ መልኩን እንዲይዝ ይደረጋል። መድረቅ ያለበት በጥላ ነው፤ እሳት ዳር የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። በመጨረሻም ጠርዙ በእንጨት ታሽቶ ከከብት እግር አጥንት የሚወጣ ዘይት ይቀባል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ሠሪው የደከመው ሽጉጡ በቦታው ጸንቶ እንዲቀመጥ ነው። ሆኖም ሽጉጡን ለብዙ ጊዜ እዚያው የሚተው ሰው ይጎዳል፤ ከልጡ የቀረው አሲድና እርጥበት ብረቱን ያዝጋል፤ በቆዳ ዝናር የቆየ የነሐስ ቀለህም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል።

የጽሑፍ ማስረጃም አልጠፋም። በጥቅምት 1881 ዓ.ም. በአሪዞና በቱምስቶን ከተማ የተደረገው ተኩስ በሲኒማ ከሁሉ የገነነ ነው። በከተማው ውስጥ መሣሪያ ይዞ መዞር በዚያው ዓመት በወጣ ደንብ ተከልክሎ ነበር፤ የተኩሱም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዋያት ኧርፕ በኋላ በዳኛ ፊት በሰጠው ቃል ሽጉጡን አኑሮት የነበረው በካፖርቱ ኪስ እንደ ነበረ ተናግሯል። ፊልሙ የሚያሳየን ያ የሚያምር አፎት በዚያ ቀን በወገቡ ላይ አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ ሥዕሉ ከየት መጣ? በ20ኛው መቶ ዓመት አፎቱ ከቀበቶው በታች ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠልበት «ቡስካዴሮ» የተባለው ዓይነት ወጣ፤ ሲኒማም ወደደው። ከዚያ በኋላ አርቮ ኦሃላ የተባለው ሠሪ በሁለት ቆዳ መካከል ብረት የገባበትን አፎት ሠርቶ በ1958 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አገኘ። ብረቱ ቆዳውን ከሽጉጡ ስለሚያርቀው፤ ተሽከርካሪው የጥይት ቤት በአፎቱ ውስጥ እንዳለ ይዞራል፤ ተዋናዩም ሳይመዝ መምቻውን መሳብ ይችላል። «ገንስሞክ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም መክፈቻ ላይ በፖሊሱ ጥይት የሚወድቀው ሰው ራሱ ኦሃላ ነው። የአፎቱ ሠሪ በገዛ አፎቱ ፍጥነት ተሸነፈ ብንል ለቀልድ ያህል ይፈቀድልናል።

በአሮጌዎቹ አፎቶች ላይ አንዳንድ ጊዜ ማኅተም ይገኛል፤ የሻያኑ ሚኔአ፣ የዴንቨሩ ሃይዘር፣ የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ሜይንና ዊንቸስተር። እነዚህ የሱቅ ባለቤቶች ስሞች ናቸው፤ መርፌውን ይዞ የዋለውን ሠራተኛ አይነግሩንም። ሜክሲኮም ስሟ ለአፎቱ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ሲቀር፤ ኮርቻና ሐረግ መቅረጽ ያስተማሩት ሠሪዎቿ በማኅተሞቹ ላይ እምብዛም አይታዩም። ማኅተም የሌላቸው አፎቶች ብዙ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ስለ ሠሪው የቀረን ምልክት የወስፌው ቀዳዳዎች ርቀትና የክሩ አጠባበቅ ብቻ ነው።