ወረቀቷ ከወረዳዋ አልወጣም፦ ነፍሰ ጡር እናትና የሕክምና ክፍያ በዋግ ኽምራ ታሪክ

መንደርደሪያ

በአገራችን አንዲት እናት በሰላም ስትገላገል ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ይህ አባባል መልካም ምኞት ብቻ አይደለም። ወሊድ ለአያቶቻችን ከሞት ደጃፍ የመመለስ ያህል ይቆጠር እንደነበር የሚመሰክር ቃል ነው። እኛ የጤና ባለሙያዎች የዚህን ታሪክ አንድ ገጽ በሚገባ እናውቀዋለን፤ የደም መፍሰሱን፣ የተራዘመውን ምጥ፣ ኢንፌክሽኑንና የደም ግፊቱን ተምረነዋል፤ በዓይናችንም አይተነዋል። ሌላኛውን ገጽ ግን፣ ማለትም «እናቲቱ ከቤቷ ርቃ ስትታመም የሕክምናዋን ወጪ ማን ይሸፍናል?» የሚለውን ጥያቄ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሂሳብ ተቀባዩ ትተነዋል። ይህ ጽሑፍ ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ በመነሣት የዚህን ጥያቄ ታሪካዊ አመጣጥ ለመቃኘት ይሞክራል።

ወሊድና ጉዞ

ዋግ ቀድሞ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበሩት አውራጃዎች አንዱ ሲሆን፣ ዛሬ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነው። ዋና ከተማው ሰቆጣ ነው። መልክዓ ምድሩ ከደጋው ጫፍ እስከ ተከዜ ቆላ ድረስ በገደልና በሸለቆ የተከፋፈለ በመሆኑ፣ በካርታ ላይ አጭር የሚመስለው ርቀት በእግር የቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ለብዙ ዘመን ምጥ የጠናባት እናት ወደ ሕክምና የምትደርሰው በቃሬዛ፣ በወንዶች ትከሻ ላይ ሆና ነበር።

ይሁን እንጂ ጉዞው በምጥ ቀን የሚጀምር አይደለም። በብዙ የአገራችን ገጠሮች እንደተለመደው፣ የበኩር ልጇን የጸነሰች ወጣት ቀኗ ሲቃረብ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። እዚያም ትወልዳለች፣ ትታረሳለች፤ ልጁ ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን ክርስትናው እስኪደርስ የምትቆይም አለች። ይህ ልማድ መልካም ጎን እንዳለው አይካድም፤ ወላዷ እረፍት፣ ምግብና የእናት ዓይን ታገኛለች። ሆኖም የባሏ ቤት በአንድ ወረዳ፣ የእናቷ ቤት በሌላ ወረዳ ሲሆን፣ የእርግዝና ክትትሏ በአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ይቀርና ወሊዷ በሌላው ደጃፍ ላይ ይመጣል።

በዚህ ላይ ዋግ በችግር ምክንያት የሚደረግ ጉዞንም ደጋግሞ ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከሰቆጣና ከአካባቢዋ የተነሡ በርካታ ቤተሰቦች በእግራቸው ወደ ኮረም መጠለያ ወርደዋል፤ ከእነርሱ መካከል ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ነበሩ። በዚያው ዘመን በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ከወሎ የተነሡ ብዙ ሰዎች ወደ ምዕራቡና ወደ ደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ተወስደዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ወደ ዋግ ሲዘልቅ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ተጎዱም፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣና በወለህ መጠለያ ተሰባሰቡ። እንግዲህ በዚህ አገር ነፍሰ ጡር ከቤቷ ርቃ መገኘቷ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኑሮው አካል ነው።

ከቀበሌ የሚጻፍ ወረቀት

የክፍያ ሥርዓታችን የተገነባው ግን በተቃራኒው፣ ሰው ሁሉ በሚኖርበት ቦታ ይታመማል በሚል ግምት ነው። በንጉሡ ዘመንም ሆነ በደርግ ዘመን የመንግሥት ጤና ተቋማት ከታካሚው መጠነኛ ክፍያ ይቀበሉ ነበር። ገቢው ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል እንጂ ለተቋሙ አይተርፍም ነበር። መክፈል ለማይችለው ድሃ የተዘጋጀው መንገድ የነጻ ሕክምና ወረቀት ሲሆን፣ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ ይህን ወረቀት የመጻፍ ሥልጣን በአብዛኛው የእነርሱ ሆነ። አሠራሩ በራሱ ምክንያታዊ ነበር፤ የሰውን ድህነት ከጎረቤቱ ይልቅ ማን ያውቃል? ነገር ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅተም ዋጋ የሚኖረው ሊቀመንበሩ በሚታወቅበት አካባቢ ብቻ ነበር። አገሯን ጥላ የወጣች እናት ምስክር የላትም፤ ምስክር የሌላት እናት ደግሞ በወረቀት ረገድ ድሃ አይደለችም።

በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት የገንዘብ አቅርቦት ስትራቴጂ ይህን ሥርዓት ለማሻሻል ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ዘረጋ። በአንደኛው መንገድ በድህነታቸው ምክንያት ነጻ ሕክምና የሚገባቸው ሰዎች አስቀድመው ይመረጣሉ፤ ለሕክምናቸውም ወረዳው በውል ለተቋሙ ወጪውን ይተካል። በሁለተኛው መንገድ አንዳንድ አገልግሎቶች ታካሚው ማንም ይሁን ማን በነጻ ይሰጣሉ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ እንዲሁም በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጡት የቅድመ ወሊድ፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎቶች በዚህ ውስጥ ተካተቱ።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለተጓዥ እናት ወሳኝ ነው። የመጀመሪያው መንገድ «ከየት መጣሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን «ምን ሆንሽ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ምጥ መታወቂያ አያስፈልገውም። በእኔ እምነት የወሊድ አገልግሎት በነጻ እንዲሰጥ መደረጉ ክፍያን ከማስቀረቱ በላይ ታላቅ ነገር አከናውኗል፤ የወረዳን ድንበር አፍርሷል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥም ቀላል አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕፃናት 5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 26 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 በመቶ ደርሷል። ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሶችና የእናቶች ማቆያ ቤቶች ድርሻ ነበራቸው። በተለይ ማቆያ ቤቱ፣ ጅምሩ በጉራጌ አገር አጣጥ ሆስፒታል በ1968 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ እናቲቱ አስቀድማ እንድትጓዝ የሚጋብዝ ተቋም በመሆኑ ከጉዞ ባህላችን ጋር የሚስማማ ነው።

የጤና መድን ሲመጣ

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ4 ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። በኋላም ሥርዓቱ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ለድሆች የሚከፈለውን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። በሬውን ሸጦ ይታከም ለነበረ ገበሬ ይህ ትልቅ እፎይታ መሆኑን በሥራችን ላይ ያየን ሁሉ እንመሰክራለን።

ነገር ግን መድኑ ሲደራጅ የገንዘቡ ቋት ወረዳ ሆነ፤ ውል የሚገባውም ወረዳው ከመረጣቸው ተቋማት ጋር ነበር። አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፤ ከዚያ በሪፈራል ወደ ሆስፒታል ያልፋል። በሙከራው ዘመን ያለ ሪፈራል ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ እንዲከፍል ይደረግ ነበር። ይህ ደንብ ቋቱን ከብክነት ለመጠበቅ የተቀመጠ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም የቀበሌው ማኅተም የነበረበት ድክመት በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ። አዲስ ያገባች ወጣት ከአባቷ ደብተር ወጥታ በባሏ ደብተር ትመዘገባለች፤ ልትወልድ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ግን ደብተሩ የሚሠራው በተለያት አገር ነው።

«ወሊድ በነጻ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ወሊዱስ በነጻ ነው፤ ነገር ግን እርግዝና 9 ወር ነው። በእነዚህ ወራት የሚመጣው የኩላሊት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የልብ ሕመም ወይም የአጥንት ስብራት በእርግዝና አገልግሎት ይቆጠራል ወይስ በሌላ ሕመም? እዚህ ላይ የሂሳብ ተቀባዩ መስኮት ይጠብባል።

አንድ ትዝታ

በሙያዬ መጀመሪያ ዓመታት፣ በአንድ የሰሜን ሆስፒታል ተረኛ ሳለሁ፣ የ7 ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ወጣት ከፍተኛ ትኩሳትና የጎን ሕመም ይዟት መጣች። ለበኩር ልጇ ወደ እናቷ ቤት የመጣች ነበረች። የኩላሊት ኢንፌክሽን እንደሆነ ጠርጥሬ ምርመራና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዘዝኩ። የመድን ደብተሯ የሌላ ወረዳ በመሆኑ አገልግሎት እንደማይሰጥበት ተነገራቸው። አጎቷ በግ ሊሸጥ ሄደ፤ ዕለቱ ግን የገበያ ቀን አልነበረም። እኔም ሌሎች ሕሙማን ስለነበሩብኝ ጉዳዩን ሳልከታተል ቀረሁ። በማግስቱ ያለ ጊዜዋ ምጥ ጀመራት። ምጥ ከጀመራት ሰዓት አንሥቶ ጓንቱም፣ መድኃኒቱም፣ አልጋውም በነጻ ሆነ። እናቲቱ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ያችን ሌሊት አላደረም።

ሂሳብ ተቀባዩ ደንቡን አልጣሰም። አጎትየውም አልዘገየም። እኔ ግን ማዘዣውን ጽፌ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ሦስቱን መዘግየቶች ስንማር ሦስተኛው በተቋሙ ውስጥ የሚደርሰው መዘግየት እንደሆነ ተነግሮናል። ያን ጊዜ የገባኝ ይህ መዘግየት አንዳንዴ በእኛ ጠረጴዛና በክፍያ መስኮቱ መካከል ባለው ጥቂት እርምጃ ላይ እንደሚገኝ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1662 በወጣው ሕግ ድሃን የመርዳት ግዴታ የየአጥቢያው በመሆኑ፣ አንዳንድ የአጥቢያ ሹማምንት ባል የሌላትን ነፍሰ ጡር ሳትወልድ ከድንበራቸው ያስወጧት ነበር፤ ሕፃኑ በተወለደበት አጥቢያ ላይ ወጪ እንዳይሆን ነው። በአሜሪካ የግል መድን ከውል ውጪ ለሆነ ሆስፒታል ወይም ሐኪም ብዙ ጊዜ ያነሰ ክፍያ ይከፍላል ወይም ጨርሶ አይከፍልም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ የመንግሥት የጤና መድን ክፍያ የሚቀበልና የድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ምጥ የያዛትን ሴት የመክፈል አቅሟን ሳይጠይቅ እንዲያስተናግድ ያስገድዳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ የጤና መድን ካርድ የያዘች ነፍሰ ጡር በሌላ አባል አገር በእንግድነት ሳለች ለሚያስፈልጋት የእርግዝናና የወሊድ ሕክምና ሽፋን አላት። የማይሸፈነው ለመውለድ ብላ የሄደች እንደሆነ ነው። ይህ የመጨረሻው ገደብ ለእኛ አይሆነንም፤ የእኛ ልጅ ወደ እናቷ ቤት የምትሄደው ለመውለድ ብላ ነውና።

መደምደሚያ

በ2007 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ያለመ ነው። የዚህ ዓላማ መሠረት የሆኑት 1000 ቀናት ከጽንስ ይጀምራሉ። በስሟ ቃል የተገባባት ሰቆጣ፣ ከጽንስ ጀምሮ ያለችው እናት የትም ብትሆን ሽፋኗ እንዲከተላት ማሳሰቢያ ልትሆነን ይገባል።

ቋቱን ከወረዳ ወደ ዞንና ወደ ክልል ማሳደግ ሲነገርበት የቆየ አቅጣጫ ነው፤ ለነፍሰ ጡሮች ግን ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ «የት ትወልጃለሽ? ከማን ጋር ትታረሻለሽ?» ብለን እንጠይቅ፤ ወደ ሌላ ወረዳ የምትሄድ ከሆነ ከመሄዷ በፊት የክትትል ማስረጃዋንና የሪፈራል ወረቀቷን ጽፈን በእጇ እንስጣት። የሌላ ወረዳ ደብተር ይዛ የመጣችውን ነፍሰ ጡር ደግሞ አስቀድመን እናክማት፤ ሂሳቡን ተቋም ከተቋም፣ ወረዳ ከወረዳ ይተሳሰብ። ማዘዣ ከጻፍን በኋላም መድኃኒቱ መሰጠቱን ሄደን እንይ። ያን ሌሊት እኔ ያላደረግኩት ይህንኑ ነበር።