ግድግዳችን ላይ የተቀባው ቀይ ኤክስ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ስንወጣ የምንኖርበት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀብቶ አገኘን። ኢስሊ የምትኖሩ ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፦ ያለ ፈቃድ የተሠራ ወይም አደገኛ ነው የተባለ ቤት ላይ የሚቀባ ምልክት ነው። ማታ የማስጠናት አንዲት ልጅ “ቲቸር፣ ቤታችንን ማን አረመው? ከስንት ስንት አገኘ?” አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን። በማግስቱ የአከራዩ ሰው መጥቶ በነጭ ቀለም ሸፈነው። ያኔ ሳቁ ቀረ። እኔ ስገባ ሕንፃው 5 ፎቅ ነበር፤ ዛሬ 7 ነው። ሁለቱ ፎቆች ሲጨመሩ እኛ ታች ተኝተን ነበር፤ አንድም ሰው “ፕላኑ ጸድቋል ወይ?” ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

የታሪክ መምህር ነኝና ጥያቄውን ከሥሩ ልጀምር። በዚህ ከተማ “ሥራ” እና “አፍርስ” የሚለው ማን ነው? ከመቼ ጀምሮ?

ናይሮቢ እንደ ጎንደር ወይም እንደ ሐረር አሮጌ ከተማ አይደለችም። ስሟን ያገኘችው ማሳዮች ቀዝቃዛ ውኃ ብለው ከሚጠሩት ወንዝ ነው። ከሞምባሳ የተነሣው የእንግሊዞች ባቡር እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን፣ ከተማዋ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና ተጀመረች። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1902፣ ወረርሽኝ ገባና የሕንዶቹ ገበያ ተቃጠለ። የናይሮቢ የግንባታ ሕግ አባቱ የጤና ስጋት ነው የምለው ለዚህ ነው።

በ1913 ሲምፕሰን የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም መጥቶ ከተማዋን አጠና። ምክሩ ባጭሩ፣ ነጭ ለብቻው፣ ሕንድ ለብቻው፣ አፍሪካዊ ለብቻው ይኑር የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ “ፕላን” ማለት ግድግዳው ስንት ሳንቲሜትር ይሁን ማለት ብቻ አልሆነም፤ ማን የት ይኑር ማለትም ሆነ። ከፍ ያለው፣ ዛፍ የበዛበት ምዕራቡ ለአውሮፓውያን ተያዘ። አፍሪካውያን ወደ ምሥራቁ ዝቅተኛ ሜዳ ተገፉ። የዚያ ሜዳ አፈር በዝናብ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ ነው። መሠረት ቆፍሮ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የእኛዋ ኢስሊም የዚያ ዘመን ልጅ ናት። በ1921 ናይሮቢ ኢስት እና ኤገርተን የሚባሉ ሁለት ሰፈሮች ተቀላቅለው ኢስትሌይ ተባሉ። እስያውያንና ሶማሌዎች ሰፈሩባት። በአጠገቧ ያለችው ፑምዋኒ ደግሞ ለአፍሪካውያን ተከለለች። በፓንጋኒ መንደር ቤት ሠርተው፣ አከራይተው፣ ልጅ አሳድገው የኖሩ አፍሪካውያን ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ መንደራቸው ፈረሰባቸውና ወደ ሻውሪ ሞዮ ተዛወሩ። በኪስዋሂሊ “የልብ ጉዳይ” እንደማለት ነው። ስሙን በሰማሁ ቁጥር እነዚያ ባለቤቶች ትዝ ይሉኛል። በገዛ አገራቸው ኪፓንዴ የሚባል መታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሄዱ ነበር። ማንዴታችንን በላስቲክ ጠቅልለን ለምንዞር ለእኛ ነገሩ ባዕድ አይደለም።

በ1948 ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ባለሙያዎች ለናይሮቢ ማስተር ፕላን አወጡ። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ “የቅኝ ግዛት ዋና ከተማ” ይላል። ነፃነት በ1963 መጣ፤ በ1968 ደግሞ የግንባታ ደንብ ወጣ። ደንቡ አብዛኛው ከእንግሊዝ የተቀዳ ነበር። በ1973 አዲስ የእድገት ስልት ተዘጋጀ፤ ዘመኑ እስከ 2000 ነበር። ቀጣዩ ማስተር ፕላን የተዘጋጀው ግን በ2014 ነው። በነፃነት ጊዜ 350 ሺህ ገደማ የነበረው ሕዝብ በ2019 ቆጠራ ከ4.3 ሚሊዮን አልፏል። ከተማው እየሮጠ፣ ፕላኑ እያነከሰ ማለት ነው።

በዚያ ክፍተት ውስጥ ማን ገባ? እኛም ገባን። ሲያድ ባሬ ሲወድቁና ደርግ ሲወድቅ፣ በ1991፣ ሶማሌውም ሐበሻውም ኢስሊ ገባ። ጋሪሳ ሎጅ የሚባል ማረፊያ ቤት ነበር። ስደተኞች ቀን መኝታቸውን ሱቅ አደረጉት፤ ሱቁ ገበያ ሆነ፤ ገበያው ፎቅ ወለደ። አከራዩም ፈላጊ እንዳለ ሲያይ ፎቅ በፎቅ ላይ ጨመረ። ይህ የስደተኛ ታታሪነት ታሪክ ነው፤ እኮራበታለሁ። ግን ኮለኑ የተሠራው ለ4 ፎቅ ከሆነ የእኛ ታታሪነት ሰባተኛውን አይሸከምም።

ሚያዝያ 29 ቀን 2016 (እንደ ፈረንጆቹ) ከኢስሊ ብዙ በማይርቀው በሁሩማ፣ በከባድ ዝናብ፣ ባለ 6 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ተደረመሰ። ወደ 50 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ከ3 ቀን በኋላ አንዲት ሕፃን ከፍርስራሹ በሕይወት ወጣች። ሕንፃው ፈቃድ እንዳልነበረውና ቀድሞም እንዲፈርስ ተወስኖበት እንደነበር ባለሥልጣናቱ የተናገሩት ሬሳ ከወጣ በኋላ ነው። ተከራዮቹ ኪራይ ይከፍሉ ነበር፤ ውሳኔውን ግን ማን ነገራቸው?

“አገራችን ይሻላል” የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም የመጣሁት ከዚያው ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የመሬት ይዞታ ሕግ አወጡ። ደርግ ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ቆርቆሮ ለመቀየር ስንቱ ማመልከቻ ይዞ ተመላለሰ። ፈቃድ የራቀው ሰው በአንድ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ቤት ያቆማል፤ ጨረቃ ቤት ያልነው እኮ ለዚህ ነው። በኋላ ጥያቄው “የ88ቱ ካርታ ላይ አለ? የ97ቱ የአየር ፎቶ ላይ ይታያል?” ሆነ። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ የሰውን ዕጣ ይወስን ጀመር።

ሁለቱን ከተሞች ሳስተያይ አንድ ነገር ይታየኛል። ፈቃድ ሁለት ፊት አለው። ደሃን ማስወጫ ሊሆን ይችላል፤ ፓንጋኒ ምስክር ናት። የተኛን ሰው መጠበቂያም ነው፤ ሁሩማ ምስክር ናት። የመጀመሪያውን ስለምንፈራ ሁለተኛውን ትተነዋል። “ካንጆ መጣ” ሲባል በር እንዘጋለን፤ ሊይዘን የመጣውንና ግድግዳውን ሊያይ የመጣውን አንለይም።

ስለዚህ ይህን እወቁ። ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ቤት ለመሥራት ወይም ፎቅ ለመጨመር የተመዘገበ አርክቴክት ንድፍ፣ የመሐንዲስ የኮለንና የፌሮ ስሌት፣ የካውንቲው ማጽደቂያ ያስፈልጋል። በ2011 የወጣው ሕግ ያቋቋመው ብሔራዊ የኮንስትራክሽን ባለሥልጣንም ሥራውን ይመዘግባል። ግንባታው ቦታ ላይ የባለቤቱንና የባለሙያዎቹን ስም የያዘ ሰሌዳ መቆም አለበት። ሲያልቅ ሰው ሊኖርበት ይችላል የሚል ወረቀት ይሰጣል። መኖሪያ ቤትን ትምህርት ቤት ማድረግ ደግሞ የአጠቃቀም ለውጥ ስለሆነ የራሱ ፈቃድ አለው። ለልጆቻችን የማታ ክፍል ልንከራይ ስንል ይህን የተማርነው ዲፖዚት ከከፈልን በኋላ ነው፤ ገንዘቡ አልተመለሰም።

ገንዘብ አዋጥታችሁ ቦታ ለመያዝ የምታስቡም አላችሁ። የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ፣ ቢበዛ ለ99 ዓመት እንደሆነ ይናገራል። “ለዘላለም ያንተ ነው” የሚላችሁን ደላላ አትመኑ።

እኛ ሕንፃ ውስጥ ያለን 11 ቤተሰቦች ባለፈው እሑድ ተሰበሰብን። ሶማሌም፣ ኦሮሞም፣ አማራም፣ ኬንያዊም አለን። ለአከራዩ አንድ ደብዳቤ ጻፍን፤ የጸደቀው ፕላን ስንት ፎቅ እንደሚል እንዲያሳየን። ኬንያዊቷ ጎረቤታችን “እኔ ቀድሜ እፈርማለሁ፣ እኔን ከአገሬ አያባርሩኝም” አለች። እማማ ደግሞ ታች ክፍል የሚኖሩት “ልጄ፣ ቤት ከመፈለግ ሬሳ መፈለግ ይከብዳል” ብለው አሻራቸውን አኖሩ። መልስ ገና አልመጣም። ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ ስትገቡ ግድግዳውን እዩት። አዲስ ነጭ ቀለም ካያችሁ ከሥሩ ምን እንዳለ ጠይቁ። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቻችንም፣ ስትደውሉ “ደህና ናችሁ?” ካላችሁን በኋላ “ቤታችሁስ ስንት ፎቅ ሆነ?” በሉን።

በሰላም እደሩ።