እንጀራን ዋሽንግተን ማን አስገባው?

አዲስ የሚመጡ ልጆች ዋሽንግተንን ሲያወድሱ ከሁሉ አስቀድመው የሚሉት «እዚህማ ሁሉም ነገር አለ» ነው። እውነታቸውን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ቤንዚን ሊቀዳ የገባ ሰው ከገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ ያገኛል። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ቆሎው ሳይቀር ተደርድሯል። አንስተው ከፍለው ይሄዳሉ፤ ከሰማይ የወረደ መና ይመስላቸዋል። አንዷማ ባለፈው ፋሲካ ቤቴ መጥታ «እማማ፣ እናንተ ስትመጡ እንጀራ የምትገዙት ከየትኛው ሱቅ ነበር?» አለችኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው። ሱቅ አልነበረም። የሚገዛ እንጀራም አልነበረም።

ታሪክ ጸሐፊዎቹ የሚሉትን ባጭሩ ላስቀምጠው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከ1974ቱ አብዮት በፊት እዚህ የነበሩት በአብዛኛው ተማሪዎችና ዲፕሎማቶች ነበሩ። ደርግ ሲመጣ የተመለሰው ተመለሰ፣ የቀረው ቀረ። በ1980 አሜሪካ የስደተኞች ሕግ ስታወጣ በሱዳን በኩል የወጣው ሕዝብ መግባት ጀመረ። ማማ ደስታ የሚባለው ምግብ ቤት በ1978 ጆርጂያ አቬኑ ላይ ተከፍቶ ነበርና የዋሽንግተን የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። የካሊፎርኒያዎቹ ደግሞ «ሎንግ ቢች ላይ በ1966 ተከፍቶ ነበር፤ እኛ እንቀድማለን» ይላሉ። ይቅደሙ። ምግብ ቤት መክፈት ሌላ፣ በየቤቱ ማታ ማታ እንጀራ እንዲቀርብ ማድረግ ሌላ።

እኔ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከካርቱም ስመጣ የገባሁት 16ኛው ጎዳና ላይ ካለ አሮጌ አፓርታማ ነው። ሁለት ክፍል ነበር፤ ሴቶቹ መኝታ ቤት፣ ወንዶቹ ሳሎን ምንጣፍ ላይ እንተኛለን። ያልተጋቡ ወንድና ሴት በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸውን አገር ቤት ቢሰሙ ጉድ ይባል ነበርና በደብዳቤ «ከዘመድ ጋር ነኝ» እያልን እንጽፍ ነበር። ወንዶቹ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ እኛ ሆቴል እናጸዳለን፣ የሰው ልጅ እንጠብቃለን። ሠላሳ ዓመት እንደ ቤተሰብ የኖርነው ከዚያ ሳሎን ከወጡት ሰዎች ጋር ነው፤ ከመሃላችን ሁለት ትዳርም ወጥቷል።

የመጀመሪያው እንጀራችን እንጀራ ለመባል የሚያሳፍር ነበር። ጤፍ የለ፣ ምጣድ የለ። ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ገዝተን በለብታ ውኃ እንበጠብጣለን፤ ዓይን እንዲያወጣ ክለብ ሶዳ እንጨምርበታለን፤ ከዚያ በቴፍሎን መጥበሻ እናሰፋዋለን። ወፍራም፣ ነጭ፣ ጣዕም የለሽ ነገር ይወጣል። ቢሆንም ወጥ ይይዛል፤ ይቆረሳል፤ ጉርሻ ይሆናል። አገር ቤት እናቷ «ሙያ የላትም» ብላ የምታማት ልጅ እዚህ ያንን በመጋገሯ ብቻ ባለሙያ ተባለች።

እርሾ ማቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የአንዷ ሊጥ ደህና የኮመጠጠ እንደሆነ እርሾው በጃም ጠርሙስ ሆኖ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ክረምት ሲገባ ቡሆው አልነሣ ይላል፤ በጋቢ ጠቅልለን ማሞቂያው ጥግ እናስቀምጠዋለን። አብሲት ጥደን መልሰን ስንቀላቅል መስኮት ተከፍቶ ነው፤ የጭስ ማንቂያው እንዳይጮህ አንድ ወንድ ወንበር ላይ ቆሞ በጋዜጣ ያራግባል። የሽንኩርቱና የበርበሬው ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል ተብሎ ከሕንፃው አስተዳዳሪ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጥቶልናል። ያኔ በሽታው የተጸየፉን ሰዎች ዛሬ ያንኑ ዶሮ ወጥ ሊበሉ ቀጠሮ ይይዛሉ። አልረሳሁትም።

አሁን ጠቡ ወዳለበት ልምጣ። ቤታኒ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ የማታውቅ የኛ ሴት የለችም። አዮዋ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ የታሰበውም ለእኛ ሳይሆን ኖርዌጂያኖች ሌፍሴ ለሚሉት የድንች ቂጣ ነው። ስፋቱ አርባ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአገር ቤቱ ምጣድ ግን ወደ ስድሳ ይጠጋል። የአሜሪካ እንጀራ አንሶ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ፣ ልጆቹ እንደሚሉት ባለሱቆቹ ስለሰሰቱ አይደለም።

ይህን ምጣድ ዋሽንግተን ያስገባው ማነው? የጎንደሯ ወዳጄ «እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ በካታሎግ አዘዘልኝ» ትላለች። የሐረሯ «ውሸቷን ነው፤ ከኔ አይታ ነው» ትላለች። በየለቅሶው ቤት፣ በየክርስትናው ይህ ክርክር ይነሣል፤ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ደረጃ የደረሰበትም ጊዜ አለ። እኔ የማውቀውን እናገራለሁ። ምጣዱን ያመጣችው አብራን ትኖር የነበረች የደሴ ልጅ ናት። መጀመሪያ የገባችው ሚኒሶታ ነበር፤ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አባላት ተቀብለዋት አሮጊቷ አስተናጋጇ ሌፍሴ ስትጋግር አየች። ወደኛ ስትመጣ ልብሷን በፌስታል፣ ምጣዱን በሻንጣ ይዛ ከግሬይሀውንድ አውቶቡስ ወረደች። የዚያን ቀን ማታ ክዳን አጥተን የድስት ክዳን ደፍተን የጋገርነው እንጀራ ዓይን አወጣ። ወንዶቹ ሳይቀሩ አለቀሱ። እሷ ሱቅ አልከፈተችም፤ ፎቶዋም የትም አልተሰቀለም፤ ካረፈች ቆይታለች። ስለዚህ ነው የሷን ድርሻ ሌላው የሚካፈለው።

ከዚያ በኋላ ጓዳው ሁሉ ዳቦ ቤት ሆነ። ዓርብ ማታ ከሥራ ገብተን እስከ ሌሊት እንጋግራለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ባለታክሲዎቹ ኮፈናቸው ውስጥ አድርገው ለየሰዉ ያድላሉ። አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶቹ ሲበዙ ከኛ ይገዙ ጀመር። አንዱ ባለቤት የመጨረሻውን ወር ሂሳባችንን ሳይከፍል ቀረ። ዛሬ እንግዳ ሆኖ በቀረበ ቁጥር «እንጀራን ለአሜሪካ ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ» ይላል። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል።

ጤፉን በተመለከተ ለፈረንጁም ድርሻውን ልስጥ። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በሰባዎቹ ኢትዮጵያ ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ አይዳሆ ላይ ጤፍ ዘራ። የዚያ ጤፍ ከረጢት መጀመሪያ ቤታችን የገባ ዕለት ሴቶቹ እጃችንን እየከተትን አሸተትነው። በ2006 የኢትዮጵያ መንግሥት የአገር ውስጡ ዋጋ ናረ ብሎ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል ብዙዎቻችንን የያዘን የአይዳሆው ነው። የተጋገረው እንጀራ ግን አልተከለከለምና ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መምጣቱን ቀጠለ። አዲስ መጪዎቹ የለመዱት ይህንን ነው።

ከእንጀራው ጋር እኛም ተለወጥን። ወንድ ልጅ ጓዳ ከገባ ይነወር በነበረበት ቤት ያደጉ ወንዶች ሚስታቸው የማታ ሺፍት ስትገባ ማስፋት ተማሩ፤ አንዳንዱ ከኛ ይሻላል። ይህን መልካም እላለሁ። ልጄ ግን ለዶሮ ወጥ አጥንት የሌለው ሥጋ ትገዛለች፤ አሥራ ሁለቱን ብልት መለየት አያስፈልግም ትላለች። የልጅ ልጄ ጉርሻ ስሰጠው መጀመሪያ እጄን ያያል። ድሮ የድሃ ነው ብለን እንግዳ ፊት የማናቀርበው ቀይ ጤፍ ዛሬ ሐኪሙ ስኳር አለብሽ ካለኝ ወዲህ የማዕዴ ንጉሥ ሆኗል፤ ወጣቶቹም ለጤና ብለው በውድ ይገዙታል። ማኛውን ለማግኘት ስንት የለፋን ሰዎች ይህን ለማየት በቃን።

አሁን አንጓዬ አይታዘዘኝም፤ ቤታኒውን ከቁም ሳጥን ለማውረድ ሰው እጠራለሁ። ልጄ «ለምን ትደክሚያለሽ፣ ከሱቅ አመጣልሻለሁ» ትለኛለች። ታመጣለች፤ እበላለሁ፤ ደህና ነው። ነገር ግን በመኪና ኮፈን፣ በጃም ጠርሙስ፣ በአሥራ ስድስተኛው ጎዳና ጓዳ የተጀመረውን ነገር ባለ ምግብ ቤቶቹ ብቻ በስማቸው ሲያስመዘግቡት ዝም አልልም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ በየሰፈራችሁ ካሉት አሮጊቶች መካከል በሰማንያዎቹ የመጡትን ፈልጉ። ስልካችሁን አብሩና የሚሉትን ቅዱ፤ ማን ቀድማ ጋገረች፣ ማን እርሾ ሰጠች ብላችሁ ጠይቁ። የጎንደሯም የሐረሯም ስም ይጻፍ፤ ደክመዋል፣ አልክድም። ምጣዱን ያመጣችው ግን የደሴዋ ናት።