በከፋ የደረቀው ቡናና የአንድ ፈንገስ ስም



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ስያሜ ስሕተት ነው። ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1957 ስቱዋርት የተባለ የዕፀዋት በሽታ ተመራማሪ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ስለታዩ በሽታዎች ሲጽፍ፣ ቡናን አጠውልጎ የሚገድል አንድ ሕመም መዘገበ፤ አምጪውንም ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም አለው። (የያኔው ከፋ ዋና ከተማው ጅማ የሆነ ሰፊ ግዛት ነበር፤ ናሙናው የቦንጋ ነው ብለን እንዳንፎክር።) በ1973 ክራንትስና ሞክ ትክክለኛው አምጪ ጂበሬላ ዛይላሪዮይደስ መሆኑን አረጋገጡ። በመካከሉ 16 ዓመታት አልፈዋል።

ፈንገሱ ለዓለም አዲስ አልነበረም። በሽታው በ1927 በዛሬዋ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በኤክሴልሳ ቡና ላይ ታይቶ ነበር። በ1948 ስቴየርት ፈንገሱን ፉዛሪየም ዛይላሪዮይደስ ብሎ ሰየመው፤ ጂበሬላ የሚለው የዚሁ ፈንገስ ጾታዊ ደረጃ ስም ነው።

ስቱዋርትን ለመውቀስ አልቸኩልም። ሁለቱም ፈንገሶች የዛፉን የውኃ መተላለፊያ ይወርራሉ፤ በድንች አጋር ላይ ሲያድጉ ሁለቱም ነጣ ብለው ጀምረው ወደ ሐምራዊ ሊያዘነብሉ ይችላሉ። ቀለምን ብቻ ያመነ ይሳሳታል። ማይክሮስኮፕ ግን ይለያቸዋል። የኦክሲስፖረም ትናንሽ ስፖሮች ሞላላ ወይም ኩላሊት መሰል ሆነው በአጭር አብቃይ ሕዋስ ጫፍ ይከማቻሉ፤ ትልልቆቹ እንደ ማጭድ በመጠኑ የጎበጡና አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 መከለያ ያላቸው ናቸው። ግድግዳቸው የወፈረ፣ በአፈር ውስጥ ዓመታት የሚሻገሩ የመቆያ ስፖሮችም ያበቅላል። የዛይላሪዮይደስ ትናንሽ ስፖሮች ደግሞ እጅግ የጎበጡ ናቸው፤ አንዳንዱ የፈረስ ኮቴ ብረት ይመስላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከሳህኑ ውጭ፣ በማሳው ላይ አለ። የሞተው ግንድ ቅርፊት ሲላጥ እንጨቱ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሰረዝ ይታያል፤ በግንዱ ግርጌ፣ በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ፣ ጥቁር ሐምራዊ ነጥብ የሚመስሉ የፍሬ አካላት ይበቅላሉ። ኦክሲስፖረም እነዚህን ሲያፈራ አልታየም። ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው፣ ናሙና ስታመጡ ቅጠሉን ትታችሁ የግንዱን ግርጌ አምጡልኝ ነው።

ስሙ ገበሬው እጁን የሚዘረጋበትን ይወስናል። ጠላቱ ኦክሲስፖረም ቢሆን ኖሮ አፈሩን ብቻ በጠረጠርን ነበር። ይህኛው ግን ዋና መግቢያው ቁስል ነው፤ ሣር ሲመነጠር ገጀራ የነካው ግንድ በር ይከፍትለታል፤ ያው ገጀራ ከታመመው ወደ ጤነኛው ዛፍ ይሻገራል። ለማገዶ ተብሎ ደጅ የሚከመር የደረቀ ቡናም ስፖሩን ይዞ ነው የሚጓዘው። ነቅሎ እዚያው ማቃጠልና መሣሪያን ማጽዳት የሚመከረው ለዚህ ነው። በከፋ ደን ጥላ ሥር ላለ ባለ ማሳ ይህ ቀላል ምክር አይደለም፤ ዛፉ ጥሪቱ፣ እንጨቱም ማገዶው ነውና።

የማይክሮስኮፕም ዳርቻ አለው። ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ዶክተር ግርማ አዱኛ ያካሄዱት ምርምር እንዳሳየው፣ የኢትዮጵያው የፈንገሱ ዓይነት ዓረቢካን ሲገድል ሮቡስታን ይተዋል፤ የዑጋንዳው ደግሞ በተቃራኒው ነው። የሁለቱን ስፖር ጎን ለጎን አድርጋችሁ የትኛው የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ዓይኔን አምኜ አልመልስላችሁም፤ ችግኝ ላይ ዘርቼ እጠብቃለሁ።