የፓሪስ የትልልቅ መኪኖች ማቆሚያ ሕዝበ ውሳኔ

የፓሪስ የትልልቅ መኪኖች ማቆሚያ ሕዝበ ውሳኔ ጥር 26 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2024) በፈረንሳይ ዋና ከተማ የተካሄደ የድምፅ አሰጣጥ ነው። ለነዋሪዎች የቀረበው ጥያቄ ክብደታቸው ከፍ ያለ የግል መኪኖች በከተማው ጎዳና ላይ ሲቆሙ ልዩ ታሪፍ ይክፈሉ ወይስ አይክፈሉ የሚል ነበር። ድምፅ ከሰጡት ውስጥ 54.55 በመቶው ሐሳቡን ደገፉ። ይሁንና ከተመዘገቡት መራጮች ድምፅ የሰጡት 5.7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። አዲሱ ታሪፍ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2024) ሥራ ላይ ዋለ።

በአማርኛ «ከባድ መኪና» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የጭነት መኪና ማለት ነው። የፓሪሱ ክርክር ግን ስለ ጭነት መኪና ሳይሆን በተለምዶ «ኤስዩቪ» ስለሚባሉት ከፍና ሰፋ ያሉ የቤት መኪኖች ነው።

መነሻ

ኤስዩቪ የሚባሉት መኪኖች ቁመታቸው ከተራ የቤት መኪና ከፍ ያለ፣ ወንበራቸውም ከመሬት ራቅ ያለ ነው። በመጀመሪያ ለገጠርና ለአስቸጋሪ መንገድ የታሰቡ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ግን የከተማ ሰው የዘወትር መኪና ሆኑ። እንደ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ መረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች 48 በመቶው የዚህ ዓይነት ነበሩ። ኤጀንሲው እንደሚለው አንድ ኤስዩቪ ከመካከለኛ የቤት መኪና ከ200 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ ሲቆምም እስከ 0.3 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ይይዛል።

ስፋታቸውም እያደገ መጥቷል። ትራንስፖርት ኤንድ ኢንቫይሮንመንት የተባለው የአውሮፓ ተቋም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ባወጣው ጥናት፣ በአውሮፓ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች አማካይ ስፋት በየሁለት ዓመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚጨምር ገልጿል። በ2018 አማካዩ 177.8 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በ2023 የመጀመሪያ አጋማሽ 180.3 ደረሰ። መኪናው ሲሰፋ መንገዱ አብሮ አይሰፋም። አብዛኛው የፓሪስ መሐል መንገድ የተቀየሰው መኪና ከመፈጠሩ በፊት ስለሆነ፣ የሚጨመረው ስፋት የሚወሰደው ከእግረኛ፣ ከብስክሌት ወይም ከሌላ መኪና ነው።

ጥያቄው በሌሎች የአውሮፓ ከተሞችም ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ጳጉሜን 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2019) በበርሊን መሐል አንድ ኤስዩቪ ወደ እግረኛ መንገድ ወጥቶ አንድ ሕፃን ጨምሮ አራት ሰዎችን ገደለ። ፍርድ ቤቱ የአደጋው ምክንያት አሽከርካሪው የሚጥል በሽታ ስለተነሣበት መሆኑን ተቀብሏል። የመኪናው ዓይነት ግን በጀርመን «እንዲህ ያለ መኪና ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል ሰፊ ክርክር አስነሣ።

ከተማው ሥልጣኑን ያገኘበት ሕግ

በፈረንሳይ ሳይከፍሉ መኪና ማቆም ለረጅም ጊዜ እንደ ደንብ መተላለፍ ተቆጥሮ፣ ቅጣቱ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሕግ መሠረት ይህ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ተለወጠ። ጎዳና ላይ መኪና ማቆም የሕዝብ ቦታን እንደ መከራየት ተቆጠረ፤ ዋጋውን የመወሰን ሥልጣንም ለከተሞች ተሰጠ። የፓሪስ ምክር ቤት ታሪፉን በመኪናው ክብደት ለመለየት የቻለው በዚህ መሠረት ነው።

በክብደት ማስከፈልም ለፈረንሳይ ፍጹም አዲስ አልነበረም። በዕጣ የተመረጡ 150 ዜጎች የተሳተፉበት የአየር ንብረት የዜጎች ጉባኤ በከባድ መኪኖች ላይ ግብር እንዲጣል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መንግሥትም ከ2022 ጀምሮ ከ1,800 ኪሎ ግራም በላይ በሆኑ አዳዲስ መኪኖች ላይ ግብር ጣለ፤ በ2024 መነሻውን ወደ 1,600 ኪሎ ግራም ዝቅ አደረገው። የአገሪቱ ግብር የሚከፈለው አንድ ጊዜ፣ መኪናው ሲመዘገብ ነው። የፓሪስ ታሪፍ ግን መኪናው በቆመ ቁጥር ይከፈላል።

ጥያቄውና ታሪፉ

ድምፅ አሰጣጡን ያዘጋጁት በወቅቱ ከንቲባ የነበሩት አን ኢዳልጎና አስተዳደራቸው ናቸው። በአስተዳደሩ የትራንስፖርት ኃላፊ የነበሩት ምክትል ከንቲባ ዳቪድ ቤልያር ዋነኛ ተሟጋች ሆነው ቀረቡ። ፓሪስ ከዚህ በፊት መጋቢት 24 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2023) ስለ ኪራይ የኤሌክትሪክ ስኩተሮች ተመሳሳይ ድምፅ አሰጥታ፣ በ89 በመቶ ድምፅ ከጎዳናዋ አስወጥታቸዋለች።

በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ «ኤስዩቪ» የሚል ቃል አልነበረም። የተጠየቀው «ከባድ፣ ቦታ የሚይዙና የሚበክሉ» የግል መኪኖች ልዩ ታሪፍ ይኑራቸው ወይ የሚል ነበር። ተቃዋሚዎች ይህን አጻጻፍ መልሱን አስቀድሞ የሚጠቁም ነው ብለው ነቀፉት።

የታሪፉ ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

• በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በሃይብሪድ የሚሠሩ መኪኖች 1.6 ቶንና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ 2 ቶንና ከዚያ በላይ ከሆኑ ይመለከታቸዋል። ለኤሌክትሪክ መኪኖች ጣሪያው ከፍ ያለው ባትሪያቸው ስለሚከብድ ነው።

• ከ1ኛው እስከ 11ኛው ባሉት የመሐል ወረዳዎች የሰዓት ክፍያው ከ6 ዩሮ ወደ 18 ዩሮ፣ ከ12ኛው እስከ 20ኛው ባሉት ወረዳዎች ከ4 ዩሮ ወደ 12 ዩሮ ይሆናል።

• ክፍያው ሰዓቱ በጨመረ ቁጥር ይንራል። ለስድስት ሰዓት በመሐል ከተማ 225 ዩሮ፣ በውጭኛዎቹ ወረዳዎች 150 ዩሮ ይደርሳል።

• በሚኖሩበት የማቆሚያ ክልል ፈቃድ ያላቸው ነዋሪዎች፣ በራሳቸው ማቆሚያ ያሉ ታክሲዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ የጤና ባለሙያዎችና አካል ጉዳተኞች አይከፍሉትም።

ታሪፉ የሚሠራው ጎዳና ላይ ብቻ ነው፤ ከመሬት በታች ያሉ የንግድ ማቆሚያዎችን አይመለከትም።

የደጋፊዎች ክርክር

ደጋፊዎቹ ሦስት ነገሮችን ያነሡ ነበር። የመጀመሪያው የሕዝብ ቦታ ጉዳይ ነው። ጎዳና የሁሉም ንብረት ስለሆነ ብዙ የሚይዝ ብዙ ይክፈል ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ከፓሪስ ውጭም የቆየ ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶናልድ ሹፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ነፃ የሚመስል የመኪና ማቆሚያ ወጪው በቤት ኪራይ፣ በዕቃ ዋጋና በግብር በኩል መኪና በሌለው ሰው ላይ ሳይቀር እንደሚወድቅ ተከራክረዋል።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው። በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ጉዳይ የሚያጠናው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈኗቸው ከመሬት ከ40 ኢንች (አንድ ሜትር ገደማ) በላይ ከፍ ያለ መኪኖች፣ ኮፈኗቸው 30 ኢንችና ከዚያ በታች ሆኖ ወደ ፊት ከሚያዘቀዝቅ መኪኖች ይልቅ የገጩትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ያህል ይበልጣል። ዝቅ ያለ መኪና እግር መትቶ ሰውን ወደ ኮፈኖው ሲጥል፣ ከፍ ያለው ደረትንና ጭንቅላትን ይመታል። ለሕፃን ደግሞ አደጋው የባሰ ነው።

ሦስተኛው ብክለት ነው። ከባድ መኪና ለመንቀሳቀስ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ከጎማና ከፍሬን የሚወጣው ብናኝም ከክብደቱ ጋር ይጨምራል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ጭስ ባይኖራቸውም በታሪፉ የተካተቱት በዚህና በሚይዙት ቦታ ምክንያት ነው።

የተቃዋሚዎች ክርክር

የአሽከርካሪዎች ማኅበር የሆነው «40 ሚሊዮን አሽከርካሪዎች» ዕቅዱን አጥብቆ ተቃወመ። በወቅቱ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ክሪስቶፍ ቤሹም ሰውን በመቅጣት ላይ የተመሠረተ የአካባቢ ጥበቃ ነው ሲሉ ነቅፈውታል።

ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ ያተኮረው በመለኪያው ላይ ነበር። ክብደት የመኪናን ዓይነት አይለይም። እንደ ፔጆ 2008 ያለ ትንሽ ኤስዩቪ ከ1.6 ቶን በታች ስለሆነ ከታሪፉ ያመልጣል። ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ የሚገዛው ባለ ሰባት መቀመጫ መኪና ግን ኤስዩቪ ሳይሆን ሊያዝ ይችላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ በመንግሥት ማበረታቻ ባለ ባትሪ ሃይብሪድ የገዙ ሰዎችም ባትሪው ከገደቡ በላይ አድርጎባቸው ተገኙ። የከተማው መልስ ክብደት በሊብሬ ላይ የተጻፈ፣ ለመቆጣጠር ቀላል የሆነና ማንም ሊከራከርበት የማይችል ቁጥር ነው የሚል ነበር።

ሌላው ነጥብ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ነዋሪዎች በሰፈራቸው ነፃ ስለሆኑ፣ አብዛኛው ሸክም የሚወድቀው ከከተማው ዳርቻ በሚመጡ ሰዎች ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የፓሪስ መራጮች ስላልሆኑ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። በአንጻሩ በመሐል ከተማ የሚኖር ባለጸጋ ትልቁን መኪናውን በሩ ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማቆም ይችላል። ደጋፊዎች ለዚህ ሲመልሱ፣ ዓላማው ትልልቅ መኪኖች በየቀኑ ወደ ከተማው እንዳይገቡ ማድረግ ስለሆነ ጎብኚው ላይ ማተኮሩ ተገቢ ነው አሉ።

ውጤት

በምርጫው ከተመዘገቡት 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ድምፅ የሰጡት 78 ሺህ ያህል ናቸው። 54.55 በመቶው ደገፉ፤ 45.45 በመቶው ተቃወሙ። ውጤቱ በሰፈር ተከፋፍሎ ነበር። ባለጸጎች የሚበዙባቸው የምዕራብ ወረዳዎች ተቃወሙ፤ የምሥራቅና የሰሜን ወረዳዎች ደገፉ። ድምፅ አሰጣጡ በሕግ አስገዳጅ ባይሆንም አስተዳደሩ ውጤቱን እንደሚያከብር አስታውቆ፣ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ታሪፉን አጸደቀ። አስተዳደሩ ከታሪፉ በዓመት እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ሊገኝ እንደሚችል ገምቶ ነበር።

ታሪፉ ከጀመረ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2024)፣ በፓሪስ መሐል አንድ የ27 ዓመት ብስክሌት ነጂ ከአንድ ኤስዩቪ አሽከርካሪ ጋር ከተጋጨ በኋላ በመኪናው ተገጭቶ ሞተ። አሽከርካሪው በግድያ ተከሰሰ። ብስክሌት ነጂዎች በብዙ የፈረንሳይ ከተሞች ሰልፍ ወጡ፤ የመኪኖች መጠንና የመንገድ ጠብ ጉዳይም እንደገና መነጋገሪያ ሆነ።

በሌሎች ከተሞች

የፈረንሳይዋ ሊዮን በ2024 የነዋሪዎችን የማቆሚያ ፈቃድ ዋጋ በክብደት ለየች። ከፓሪስ በተለየ፣ በሊዮን የሚከፍሉት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸው።

በጀርመን የነዋሪ ማቆሚያ ፈቃድ ዋጋ ለረጅም ጊዜ በዓመት ከ30.70 ዩሮ እንዳይበልጥ ተገድቦ ነበር። ገደቡ በ2020 ከተነሣ በኋላ የቱቢንገን ከተማ ዋጋውን ወደ 120 ዩሮ፣ ለከባድ መኪኖች ወደ 180 ዩሮ አሳደገች። ፍራይቡርግ ደግሞ በክብደት ፈንታ ርዝመትን መረጠች፤ ለአጭር መኪና 240፣ ለመካከለኛ 360፣ ለረጅም 480 ዩሮ ወሰነች። የጀርመን ፌዴራል የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሰኔ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2023) የፍራይቡርግን ደንብ ሻረ። ፍርድ ቤቱ በመጠን ማስከፈልን በራሱ አልከለከለም። የተቃወመው በርዝመት ትንሽ ልዩነት ያላቸው መኪኖች በክፍያ እጅግ መራራቃቸውን ነው።

ጃፓን የተለየ መንገድ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣ ሕግ መሠረት በከተሞች መኪና የሚያስመዘግብ ሰው ከጎዳና ውጭ የማቆሚያ ቦታ እንዳለው ማረጋገጥ አለበት። ርዝመታቸው ከ3.4 ሜትር፣ ስፋታቸው ከ1.48 ሜትር ለማይበልጥ ትንንሽ መኪኖችም የግብር ቅናሽ ይደረጋል። በዚህም መኪናውን ለማቆም ቦታ ማግኘት ከከተማው ይልቅ የገዢው ጉዳይ ሆኗል።

ቀጣይ ክርክር

መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2025) የፓሪስ ነዋሪዎች ስለ ጎዳናቸው ለሦስተኛ ጊዜ ተጠየቁ። 500 ተጨማሪ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለአትክልት እንዲውሉ የቀረበውን ሐሳብ 66 በመቶ ያህሉ ደገፉ፤ ተሳትፎው ግን ወደ 4 በመቶ ዝቅ ብሎ ነበር። በእነዚህ ሁለት የመጨረሻ ድምፅ አሰጣጦች ላይ ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት የተለያየ ቁጥር ነው። ደጋፊዎች አብላጫውን ድምፅ፣ ተቃዋሚዎች በቤታቸው የቀረውን መራጭ ይጠቅሳሉ።